በሐይድ ቀናት ተርባችሁ አትዋሉ

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለሐጅ ስትጓዝ፣ መካ ልትደርስ ስትል ሐይድ መጣባትና አለቀሰች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልነቀፏትም፤ አላህ በአደም ሴት ልጆች ላይ የወሰነው መሆኑን ነገሯት።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያላችሁ እህቶች፣ በነዚህ ቀናት ሳትበሉ ወደ ፋብሪካ ወይም ትምህርት ቤት አትውጡ። ከደም ጋር የሚወጣውን ብረት ምስር፣ ጎመንና ሥጋ ይተካሉ፤ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ሰውነት ብረቱን በደንብ ይወስዳል። ቡናና ሻይ ከምግብ ራቅ ይበል። ትኩስ ዝንጅብል ለብዙዎች ቁርጠቱን ያቀልላል።

በረመዳንም አባትና ወንድምን አፍራችሁ አትራቡ፤ ብሉ፣ ቀዷውን በኋላ ታወጣላችሁ። ሕመሙ ከሥራ ካስቀራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሰውነታችን አማና ነው።

ጁሙዓ ሙባረክ!