ኳሷን «አትግቢ» ትላት ነበር?

ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ከአበሻ ካፌዎች በአንዱ ነው፤ ጊዜው የ2025 ሐምሌ ማብቂያ። አጎትየው ዕድሜያቸውን ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ የከተማዋን የቅርጫት ኳስ ቡድን ዊዛርድስን ገና «ቡሌትስ» ሲባል ጀምሮ የሚከታተሉ ሰው ናቸው። የእህታቸው ልጅ እዚሁ ተወልዶ ያደገ የኮሌጅ ተማሪ ነው። አማርኛው ደህና ነው፤ ሲናደድ ግን ይፈጥናል። ዛሬ ተናዷል።

ልጅ፦ ጋሼ፣ ዊዛርድስን ትቻለሁ። በቃኝ።

ጋሼ፦ መጀመሪያ ማኪያቶህን ጠጣ። አምናም ትተህ ነበር።

ልጅ፦ የዘንድሮው የምር ነው። በ2023-24 15 አሸንፈው 67 ተሸነፉ፤ በክለቡ ታሪክ እንደዚያ የከፋ ዓመት የለም። ዝም አልኩ። ቀጥሎ 18 አሸንፈው 64 ተሸነፉ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ 16 ጨዋታ በተከታታይ! እሱንም ወጣቱ ኩፐር ፍላግ በድራፍት ይመጣል ብዬ ቻልኩት። ግንቦት ላይ የድራፍቱ ዕጣ ሲወጣ ስድስተኛ ሆንን። ከታች ሁለተኛ ሆነን ጨርሰን ስድስተኛ! ጓደኞቼ በሙሉ የሌከርስ ደጋፊዎች ናቸው፤ ምን እንደሚሉኝ ያውቃሉ?

ጋሼ፦ ምን ይሉሃል?

ልጅ፦ ይተዉት፣ እርስዎ ፊት አይነገርም።

ጋሼ፦ እሺ። ለመሆኑ ዕጣው እንዴት እንደሚወጣ ታውቃለህ?

ልጅ፦ መጥፎ ቡድን ጥሩ ቦታ ያገኛል፤ ይኸው ነው።

ጋሼ፦ ይኸው አይደለም። ከ1 እስከ 14 ቁጥር የተጻፈባቸው ኳሶች ማሽን ውስጥ ይገቡና አራቱ ይወጣሉ። አራት አራት እያደረግህ ብታጣምራቸው 1001 ዓይነት ይሆናል። አንዱን ይጥሉና 1000ውን ፕሌይኦፍ ላልገቡት 14 ቡድኖች ያከፋፍሉታል። ድሮ መጨረሻ የወጣው ብቻውን 250 ይይዝ ነበር። ሆን ብሎ መሸነፍ ሲበዛ ከ2019 ጀምሮ ከታች ያሉት ሦስቱ እኩል 140፣ 140 እንዲይዙ ተደረገ። ያ ማለት ከመቶ 14 ዕድል ነው። 86ቱ እንደማይደርስህ ነው የሚነግርህ። ዳላስ ፍላግን የወሰደው 1.8 በመቶ ይዞ ነው፤ ያውም ዶንቺችን ለሌከርስህ ጓደኞች አስረክቦ፣ ደጋፊው «ሥራ አስኪያጁ ይባረር» እያለ አዳራሹን በሚያናውጥበት ዓመት። አንተ ዲቪ ሞልተህ ታውቃለህ?

ልጅ፦ እዚህ ተወልጄ ዲቪ ምን ያደርግልኛል?

ጋሼ፦ እናትህን ጠይቃት። ፎርሙን ልካ በማግሥቱ ሥራዋ ገባች። የሰፈራችን አንድ ጎረምሳ ግን ፎርም በላከ ሳምንት አልጋውን ሸጦ መሬት ላይ ይተኛ ነበር። አንተም ፍላግን በልብህ ማሊያ አልብሰህ፣ ቁጥር ሰጥተህ ጨርሰህ ነበር።

ልጅ፦ (ይስቃል) 15 ቁጥርን ነበር የሰጠሁት። ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እንዳይቆጡኝ። የመጨረሻው የማያሚ ጨዋታ ትዝ ይልዎታል?

ጋሼ፦ ሚያዝያ ላይ። ቡብ ካሪንግተን በመጨረሻዋ ቅጽበት አግብቶ 119 ለ118 ያሸነፍነው።

ልጅ፦ እሱ። ኳሷ አየር ላይ እያለች እኔ ሶፋዬ ላይ «አትግቢ፣ አትግቢ» እያልኩ ነበር።

ጋሼ፦ ኳሷን?

ልጅ፦ ኳሷን። ስትገባ ትራሱን ወረወርኩት። ብንሸነፍ እኮ 17 ለ65 ሆነን ከዩታ ጋር እኩል እንሆን ነበር።

ጋሼ፦ (ለጥቂት ጊዜ ስኒያቸውን ያዞራሉ) አልቆጣም። ይህን ያሰብከው አንተ ብቻ አይደለህም፤ ሕጉ ራሱ ደጋፊን እንደዚህ ያደርገዋል። ሂሳቡን ግን እንየው። በዕጣ የሚወጡት የመጀመሪያዎቹ አራት ቦታዎች ብቻ ናቸው፤ የቀረው በሽንፈት ብዛት ይደረደራል። ስለዚህ መጨረሻ የወጣ ቡድን ቢወርድ ቢወርድ አምስተኛ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ስድስተኛ ነው። ዘንድሮ ዩታም እኛም መውረድ እስከምንችለው ወረድን፤ እነሱ አምስተኛ፣ እኛ ስድስተኛ። ከዩታ ጋር እኩል ብንሆን ደግሞ ማን ይቅደም የሚለው በሌላ ዕጣ ነበር የሚለየው። እንግዲህ ያቺ ኳስ ያስከፈለችን ቢበዛ የአንዲት ደረጃ ግማሽ ዕድል ነው። ለዚህች ነው ትራስ የወረወርከው።

ልጅ፦ እንደሱ ሲሉት ትንሽ ያሳፍራል።

ጋሼ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ካሪንግተን የት አገር ልጅ ነው?

ልጅ፦ የባልቲሞር።

ጋሼ፦ እዚህ ጎረቤት። ያን ቀን ገና 19 ዓመቱ ነበር። 82ቱንም ጨዋታ ተሰልፏል፣ አንድም ሳይቀር። 64 ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ወደ መልበሻ ክፍል ገብቷል። በመጨረሻው ቀን፣ በመጨረሻዋ ሴኮንድ ኳሷን ሲይዝ ከሱ ምን ነበር የምትፈልገው? አሰልጣኙ ኪፍስ ምን ይበለው? ወጣት ተጫዋች የሚማረው የለመደውን ነው። መሳትን እንዲለምድ አድርገህ ያሳደግከውን ልጅ በሦስተኛው ዓመት «በል አሁን አግባ» ብትለው ከየት ያመጣዋል?

ልጅ፦ ኦክላሆማ ግን በዚሁ መንገድ አይደል ዋንጫ የወሰደው? ዊል ዳውኪንስን ከዚያ አምጥተው ሥራ አስኪያጅ ያደረጉትም ለዚሁ ነው።

ጋሼ፦ ይህቺን ከሰው አፍ የያዝካት ናት። ኦክላሆማ ባለፈው ወር ኢንዲያናን በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሳ፣ ከታች ያለ ክለብ ሁሉ «እኛም እንደነሱ ነን» ማለት ጀመረ። ዝርዝሩን ተመልከት። የተሸነፉት በደንብ ሁለት ዓመት ነው፤ 22 ለ50፣ ቀጥሎ 24 ለ58። በሦስተኛው ዓመት 40 አሸነፉ። ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር በሽንፈት የተገኘ አይደለም፤ በ2019 ፖል ጆርጅን ለክሊፐርስ ሰጥተው ነው ያመጡት። ጄለን ዊሊያምስም በዚያው ንግድ ከክሊፐርስ በተገኘ ዕጣ፣ በ12ኛ ቦታ ነው የተመረጠው። በራሳቸው ሽንፈት ያገኙት ትልቅ ስም ቼት ሆልምግረን ብቻ ነው።

ልጅ፦ ስለዚህ መሸነፍ አይጠቅምም እያሉ ነው?

ጋሼ፦ መሸነፍ ዋጋ ነው፤ ዋጋ ስለከፈልክ ብቻ ዕቃ አይሰጡህም። ፊላደልፊያን ውሰድ። በ2015-16 10 አሸንፎ 72 ተሸነፈ። ሁለት ዓመት በተከታታይ አንደኛ መረጠ፤ ሲመንስን፣ ቀጥሎ ፉልትስን። ከነሱ በፊት ኤምቢድን ሦስተኛ ወስዷል። እስከ ዛሬ ከሁለተኛው ዙር አላለፉም። ያን ያህል ሽንፈት የገዛላቸው ይህን ነው።

ልጅ፦ እኛስ እስካሁን ምን ገዛን?

ጋሼ፦ ይህ ነው ደህና ጥያቄ! ዓመቱን ሙሉ ይህን ስትጠይቅ ብትከርም እኮ ትራስህ ባልተጎዳ። አሌክስ ሳርን እንውሰድ። አምና በሐምሌ ላስ ቬጋስ፣ ሰመር ሊግ ላይ ምን እንደሆነ ታስታውሳለህ?

ልጅ፦ እንዴት ይረሳል! 15 ሞክሮ 15ቱንም ሳተ። ዜሮ ከ15። ከድራፍቱ ሁለተኛ የተመረጠ ሰው!

ጋሼ፦ ያን ቀን ልጁ አለቀለት ያልክ አንተ ነህ። ያው ልጅ መጋቢት ላይ ዴንቨር ሄዶ፣ ዮኪች ፊት 34 አስቆጥሮ አሸንፈው ተመለሱ። እኔ የማየው ግን 34ቱን አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ከመቶ 40 እንኳ አላገባም፤ ለሁለት ሜትር ከአሥራ ሦስት ሰው ይህ ትንሽ ነው። ለምን? አብዛኛውን ጊዜ ውጪ ቆሞ ነዋ የሚወረውረው። ለጓደኛው ስክሪን ከሠራ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ እይ። ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል ወይስ ወደ ሦስት ነጥብ መስመር ያፈገፍጋል? በጥቅምትና በመጋቢት መካከል እሱ ከተለወጠ አንድ ነገር ተገዝቷል። ካልተለወጠ ጩህ፤ እኔም አብሬህ እጮኻለሁ።

ልጅ፦ ካሪንግተንንስ?

ጋሼ፦ ሲጫኑት ኳሷን ለማን እንደሚሰጥ እይ። በል ሌላው ይቆየን፣ ወጣቶቹ ኩሊባሊም ጆርጅም አሉ። ዘንድሮ ስድስተኛ የመጣው ትሬ ጆንሰን ኳስ መወርወር ያውቃል ይባላል፤ እናየዋለን።

ልጅ፦ ግን ጋሼ፣ እንደዚህ ዝርዝር ለማየት ልብ ያስፈልጋል። እናንተ እኮ ዋንጫ ያየ ትውልድ ናችሁ።

ጋሼ፦ ማን? እኔ? ዋንጫው የ1978 ነው፤ ዌስ አንሰልድና ኤልቪን ሄይስ ሲያትልን ያሸነፉበት። እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም። በሱዳን በኩል ወጥቼ እዚህ የደረስኩት ከዚያ ከዓመታት በኋላ ነው። ይህ ቡድን ከ1979 ወዲህ በአንድ ዓመት 50 ጨዋታ አሸንፎ አያውቅም። ዕድሜዬ ያለቀው በዚህ ነው።

ልጅ፦ ታዲያ ለምን ያዙት?

ጋሼ፦ በማኑት ቦል ምክንያት። እንደመጣሁ ሰሞን ጓደኞቼ ላንዶቨር፣ ካፒታል ሴንተር ይዘውኝ ሄዱ። ስለ ቅርጫት ኳስ የማውቀው አልነበረም። ብቻ አንድ ከሱዳን የመጣ ዲንካ፣ ሁለት ሜትር ከሠላሳ አንድ የሚረዝም ሰው እዚያ ቆሟል። እጁን ሲዘረጋ የተወረወረው ሁሉ ይመለሳል፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 397 ኳስ ነው ያገደው። እኔ ከሱ አገር የስደተኛ ወረቀት ይዤ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ሕዝብ ሁሉ ቁጭ ብድግ ሲያስደርገው ሳይ ምን ልበልህ። በኋላ ደግሞ ማግሲ ቦግስን አመጡ፤ አንድ ሜትር ከስድሳ። ሁለቱን ባንድ ማሊያ ጎን ለጎን ሲያቆሟቸው ሰዉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ቡድኑ መናኛ ነበር፤ እኔ ግን ቀረሁ።

ልጅ፦ ይህን ነግረውኝ አያውቁም።

ጋሼ፦ ጠይቀኸኝ ነው? አንጀቴ ያረረው ግን ያኔ አይደለም፤ በ2017 ነው። ጆን ዎል በስድስተኛው ጨዋታ ያን ሦስት ነጥብ አግብቶ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ በቃ ደረስን ብዬ ነበር። ከዚያ ቦስተን ላይ በሰባተኛው ጨዋታ ኬሊ ኦሊኒክ የሚባል ተቀያሪ 26 አስቆጥሮ ወደ ቤት ላከን። ታዲያ ይኸው ኦሊኒክ በዚህ ወር በዝውውር ወደ እኛ መጥቶ፣ ገና ማሊያ ሳይለብስ ለሳን አንቶኒዮ ተላለፈ። ደግ አደረጉ።

ልጅ፦ (ይስቃል) ከ2017 በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው እንግዲህ።

ጋሼ፦ ከ2017 በኋላ የመጣው የማይሞት የማይድን ዓመት ነው። ሁለት ዓመት በተከታታይ 35 ለ47! ፕሌይኦፍ አትገባም፣ ጥሩ ዕጣም አታገኝ። በ2022 ለብራድሊ ቢል 251 ሚሊዮን ዶላር ፈረሙለት፤ ያውም እሱ ካልፈቀደ ወደ ሌላ ክለብ እንዳይሸጡት መብት ሰጥተው። በሚቀጥለው ዓመት ሊሸጡት ሲነሱ የሚመርጠው እሱ ሆነ፤ ፊኒክስን መረጠ፤ ለእኛ የተረፈን ፍርፋሪ ነው። መናደድ ከፈለግህ እዚህ ላይ ተናደድ። ሳር ያኔ የትምህርት ቤት ልጅ ነበር።

ልጅ፦ በባለቤቱም እናደዳለሁ።

ጋሼ፦ ተናደድ፣ ማን ከለከለህ። ያ 67 ሽንፈት በነበረበት ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ «ቡድኑን ወደ አሌክሳንድሪያ እወስዳለሁ» ብሎ ከቨርጂኒያው ገዢ ጋር መድረክ ላይ ቆመ። መጋቢት ላይ ከሸፈበት። ከተማዋ ለአዳራሹ እድሳት 515 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገብታ አስቀረችው። እኔ በ7ኛው ጎዳና ላይ ከጨዋታ በኋላ ተሳፋሪ ስጠብቅ ስንት ሌሊት ያደርኩበት በር ነው! ደጋፊን «ታገሡ» የሚል ሰው እሱ ራሱ ዕቃውን ሸክፎ ማየት ያማል።

ልጅ፦ ስለዚህ እርስዎም ይናደዳሉ።

ጋሼ፦ ከአንተ የበለጠ። እኔ የምለው 20 ዓመት ያልሞላው ልጅ ላይ አታውጣው ነው።

ልጅ፦ እሺ። ከርሞስ?

ጋሼ፦ ለከርሞ መጥፎ ዜና አለኝ። በ2020 ዎልን ለዌስትብሩክ ስንቀይር አብረን የሰጠነው የድራፍት ዕጣ ከሂዩስተን ኦክላሆማ፣ ከኦክላሆማ ኒውዮርክ ዞሯል። በ2026 ከአንድ እስከ ስምንት ከወጣን የእኛው ነው። ዘጠነኛና ከዚያ በታች ከሆነ ለኒክስ ይሄዳል።

ልጅ፦ እንዴ! ስለዚህ ክለቡ ከርሞም ማሸነፍ አይፈልግም ማለት ነው?

ጋሼ፦ ለመሸነፍ አንድ ዓመት ሙሉ ምክንያት አለው። እኔ የሰጠኋቸው ጊዜም እዚያ ላይ ያልቃል። በ2026 ጥቅምት መጥተው «ገና ልጆች ናቸው» ቢሉኝ አልሰማቸውም።

ልጅ፦ እስከዚያው ልንሸነፍ ነው ቤቴን ትቼ የምመጣው?

ጋሼ፦ ኅዳር ላይ አንድ ቀን እንሂድ። ሳር ስክሪን ሠርቶ ወዴት እንደሚሮጥ ቴሌቪዥን በደንብ አያሳይህም። ቲኬቱ በእኔ፣ ፓርኪንጉ በአንተ።

ልጅ፦ ጋሼ! ለዊዛርድስ ጨዋታ ፓርኪንጉ ከቲኬቱ ይበልጣል እኮ!

ጋሼ፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ቲኬቱን እኔ የያዝኩት።