የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ፦ ከሱቅ ወይስ በኢንተርኔት?

ማቀዝቀዣ፣ ካውያ ወይም የውኃ ማፍያ ለመግዛት የሚነሣ ሰው ዛሬ ሁለት ገበያ ይጠብቀዋል። አንደኛው መርካቶ ወይም ሰፈሩ የሚገኝ ሱቅ ሲሆን ሁለተኛው በኢንተርኔት የሚታዘዝበት ነው። ንጽጽሩ ብዙውን ጊዜ በዋጋ ላይ ያተኩራል። እኛ ግን ጉዳዩን ከፊዚክስ አንጻር እንመለከተዋለን፤ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ በአግባቡ የሚሠራው ከሚሰካበት መስመር ጋር ሲስማማ ነውና።

በኢትዮጵያ መኖሪያ ቤቶች የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በአሜሪካ ደግሞ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። በአገር ቤት ሱቅ የሚሸጥ አዲስ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ለእኛ መስመር ታስቦ የመጣ ነው። በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ በኢንተርኔት አዝዞ ለቤተሰቡ የሚልከው ዕቃ ግን በአመዛኙ ለዚያ አገር መስመር የተሠራ ነው።

እስቲ 120 ቮልትና 1000 ዋት የሚል የተጻፈበት የውኃ ማፍያ እንውሰድ። ቮልቱን በራሱ አባዝተን ለዋቱ ስናካፍለው የማሞቂያው ተቃውሞ 14.4 ኦም ይሆናል። ተቃውሞው ሳይለወጥ ይህንኑ ማፍያ በ220 ቮልት ብንሰካው 3361 ዋት ያህል ይስባል። ቮልቱ እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ማሞቂያው ሊቃጠል፣ ከዚያም አልፎ እሳት ሊነሣ ይችላል። በተቃራኒው ለ220 ቮልት የተሠራ የ2000 ዋት ማፍያ በአሜሪካ ሶኬት ቢሰካ 595 ዋት ገደማ ብቻ ስለሚያገኝ ውኃው እስኪፈላ ባለቤቱ ይሰለቻል እንጂ አደጋ አይደርስበትም።

«ትራንስፎርመር ይገዛለታል» የሚሉ አሉ። የትራንስፎርመሩ አቅም ከዕቃው ዋት ካላነሰ ለማሞቂያ ዕቃ መልካም መፍትሔ ነው። ነገር ግን ትራንስፎርመር ቮልትን እንጂ ድግግሞሽን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ ታስቦ የተሠራ የኢንደክሽን ሞተር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ከመጠን በላይም ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ ለማቀዝቀዣና ለልብስ ማጠቢያ ትራንስፎርመርን መተማመኛ ማድረግ አይበጅም። «100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የተጻፈበት የስልክ ቻርጀር ግን በሁለቱም አገር ያለ ሥጋት ይሠራል።

እንግዲህ ሱቁ ይበልጣል እንበል? በአንድ በኩል አዎን፤ ከዕቃው ጀርባ የተለጠፈውን ሰሌዳ በዓይናችን እናነባለን፣ ሰክተን ድምፁን እንሰማለን። ይሁን እንጂ ለሁለት ደቂቃ የተሰካ ማቀዝቀዣ መብራቱ መብራቱን እንጂ ማቀዝቀዙን አያሳይም። የፍጆታን ጉዳይ በተመለከተ ደግሞ ኢንተርኔት ይሻላል፤ በዓመት 300 እና 450 ኪሎዋት ሰዓት የሚወስዱ ሁለት ማቀዝቀዣዎችን በቤታችን ተቀምጠን ማነጻጸር እንችላለን። ልዩነቱ በ10 ዓመት 1500 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ዋቱን በ24 ሰዓት ማባዛት ግን ያሳስታል፤ ኮምፕረሰሩ እየበራ እየጠፋ ነውና የሚሠራው።

በእኛ አስተያየት ፍጆታውን በኢንተርኔት አጥንቶ ዕቃውን ከሱቅ መግዛት ይሻላል። በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የዚያኑ ዕቃ ሰሌዳ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ይጠይቅ። ማቀዝቀዣው ተጋድሞ ተጓጉዞ ከሆነ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቧንቧዎቹ ሊፈስ ስለሚችል፣ ከየትም ይገዛ ከየት፣ ቀጥ ብሎ ለበርካታ ሰዓታት ሳይቆም አይሰካ።