የጉንዳን ጎተራና የሰማይ ወፎች

ለሕፃናት ከሚነገሩት ምሳሌዎች አንዱ የጉንዳንና የፌንጣ ምሳሌ ነው። ነገሩ በጥንታዊው የግሪክ ምሳሌ ተናጋሪ በኤዞፕ ስም ይታወቃል፤ በብዙ ቋንቋም ተተርጕሞ የልጆች ማስተማሪያ ሆኗል። ጉንዳን በበጋ እህሉን ሲሰበስብ ፌንጣ ስትዘፍን ትውላለች፤ ክረምት በገባ ጊዜ ተርባ ከጉንዳን ደጅ ትቆማለች፤ ጉንዳንም ስንፍናዋን ነቅፎ ባዶ እጇን ይሰዳታል። ልጆችም ከዚህ ለነገ ማሰብ እንደሚገባ ይማራሉ።

ልጁ አድጎ ወንጌልን ሲሰማ ግን፥ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እርሻና ጎተራ የሌላቸውን የሰማይ ወፎች ምሳሌ አድርጎ ስለ ነገ እንዳንጨነቅ ሲያስተምር ያገኘዋል። ጠቢቡ ሰሎሞን ደግሞ ታካቹን ሰው ከጉንዳን እንዲማር ያዝዘዋል (ምሳ. 6፥6)። እንግዲህ ጉንዳንን እንምሰል ወይስ ወፎችን?

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል በተረጐመበት ድርሳኑ ለዚህ መልስ ይሰጣል፤ ጌታ የከለከለው መዝራትንና መሥራትን ሳይሆን በሐሳብ መጨነቅን ነው ይላል። በእውነትም ወፍ ከጎጆዋ ሳትወጣ አትመገብም፤ ማልዳ ትበራለች፥ ጫጩቶቿን ትቀልባለች፤ ነገር ግን ያልመጣውን ቀን ፈርታ ዝማሬዋን አትተውም። ገበሬም ዘሩን መርጦ ያስቀምጣል፥ ማሳውን ያለሰልሳል፤ ዝናሙን ማዝነም ግን የእርሱ ሥራ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ቢያድር አንዲት ጠብታ አይጨምርም፤ ለማለዳው እርሻ የሚሆነውን ጉልበት ግን ያጣል።

ማከማቸትም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል አከማችቶ ግብፅንና በዙሪያዋ ያሉትን ከራብ አድኗል (ዘፍ. 41)። እስራኤል ግን ከትእዛዝ ወጥተው ያሳደሩት መና ተልቶ ሸተተ፤ ለሰንበት ታዝዘው ያሳደሩት ያው መና ሳይበላሽ ቀረ (ዘጸ. 16፥20-24)። ስለዚህ የሚጠየቀው ጎተራው አይደለም፤ የባለ ጎተራው ልብ ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ያለውን የትምህርት ተራ እናስተውል። ጌታ በመጀመሪያ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ሊሠራ ያሰበውን ባለጠጋ ተናገረ፤ ቀጥሎ ደቀ መዛሙርቱን ስለ ምግብና ስለ ልብስ እንዳይጨነቁ አስተማረ፤ በመጨረሻም ምጽዋትን አዘዘ። ሦስቱ አንድ ትምህርት ናቸው። ጭንቀት ጎተራን ያሰፋል፥ በሩን ግን ይዘጋል፤ ምጽዋት በሩን ይከፍታል፥ ያን ጊዜ ልብም ያርፋል። በሰራፕታ የነበረችው መበለት የቀራት አንድ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ነበር፤ ከዚያችው አስቀድማ ለነቢዩ ኤልያስ ጋገረች፤ ማድጋዋም አልጎደለም (1 ነገ. 17)። እንግዲህ ከልጅነታችን ምሳሌ የጉንዳንን ትጋት እንውሰድ፤ የዘጋውን ደጅ ግን እንተውለት።

የቤት ኪራይ ያስጨነቀው አባት፥ የልጇ ሕመም እንቅልፍ የነሣት እናት፥ እምነት የላችሁም ተብለው ሊነቀፉ አይገባም። ዛሬ የሚቻለውን ይሥሩ፤ ከዐቅም በላይ የሆነውን በጸሎት ለእግዚአብሔር ያስረክቡ። ጌታ ያስተማረን ጸሎት የሚለምነው የዛሬን እንጀራ ነው፤ የሚለምነውም ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሁላችን ነው። ስለዚህ የጎረቤቴ እንጀራ በእኔ ጸሎት ውስጥ አለ፤ ምናልባትም በእኔ መሶብ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ እኛን ካህናትን ይመለከታል። ለተራበ ሰው «አትጨነቅ» ብሎ ማሰናበት ምን እንደሚጠቅም ሐዋርያው ያዕቆብ ጠይቋል (ያዕ. 2፥15-16)። ምእመናን ከጭንቀት እንዲያርፉ የምንሻ ከሆነ፥ ስብከታችን በእጃችን ይፈጸም።

ወላጆችም ምሳሌውን ለልጆቻችሁ ስትነግሩ ደጁ በተዘጋበት ላይ አታቁሙ። የሚሠራ ጉንዳን መልካም ነው፤ ሠርቶ የሚያበላ ደግሞ ይበልጣል በሏቸው። ወፎችን የሚመግብ አምላክ ልባችንን ከጭንቀት፥ እጃችንን ከንፉግነት ይፍታልን፤ አሜን።