ዓይን ቢጫ እስኪሆን

የጉበት ሕመም ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው የወፍ በሽታን ነው። ዓይን ቢጫ ካልሆነ፣ ሽንት ካልጠቆረ ጤነኛ ነኝ ብሎ ይቀመጣል። ለሄፓታይተስ ሲ ግን ይህ መለኪያ አይሠራም። ቫይረሱ ደም ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም። ከ10 ሰዎች 3ቱ ገደማ ያለ መድኃኒት ይድናሉ፤ በቀሩት ላይ ግን ጉበትን ቀስ በቀስ እያጠቃ 20 እና 30 ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ሊኖር ይችላል። ዓይን ቢጫ እስኪሆን የጠበቀ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ጉበቱ በጠባሳ ከተሞላ ወይም ካንሰር ከያዘው በኋላ ነው።

የግብፅን ታሪክ ያየ ይህን አይጠራጠርም። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ገበሬውን ከቢልሃርዚያ ለማዳን በተካሄደ ዘመቻ፣ በቅጡ ያልተቀቀለ መርፌ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ይተላለፍ ነበር። ቫይረሱ ተለይቶ የታወቀው ገና እ.ኤ.አ. በ1989 ስለሆነ ሐኪሞቹም ምን እያዛመቱ እንደሆነ አላወቁም። መዘዙ ከዓመታት በኋላ አገሪቱን በዓለም በበሽታው ከተጠቁት ቀዳሚ አደረጋት። እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥት ሕመምተኛ እስኪመጣ መጠበቁን ትቶ ጤነኛ የሚመስለውን መመርመር ጀመረ። በዚህ የምርመራ ዘመቻ ወደ 60 ሚሊዮን ሰው ተመረመረ።

«እኔ ዕፅ በመርፌ አልወስድ፣ ምን አገባኝ?» የሚል ይኖራል። እነዚያ ገበሬዎችም አልወሰዱም። እኛም ዘንድ እንጥል የሚቆርጠው ምላጭ፣ የንቅሳት መርፌ፣ በየቤቱ የሚደረግ ግርዛት አለ። «ተከትቤያለሁ» የሚለው ደግሞ የተከተበው ለሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ለሲ ክትባት የለም። ከሁሉም የሚከብደው «ቢገኝብኝስ፣ መድኃኒቱ አይቀመስ!» የሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ ክኒኑ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ የ12 ሳምንቱ ዋጋ 84,000 ዶላር ነበር። ዛሬ ግን ግብፅና ሕንድ በርካሽ ያመርቱታል፤ ከ100 ሕሙማንም ከ95 በላይ ያድናል። በየከተማው በቀላሉ አይገኝም ቢባል እንኳ፣ እንዳለበት ያወቀ ሰው መጠጥ ይተዋል፣ ምላጩን ለብቻው ያደርጋል። ከማዕድ ግን የሚያርቀው ነገር የለም፤ በጉርሻም በመተቃቀፍም አይተላለፍም።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው የደም ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ከቫይረሱ ጋር አንድ ጊዜ መጋጠሙን ብቻ ነው፤ የዳነ ሰውም ላይ ይታያል። ቫይረሱ አሁንም መኖሩን የሚለየው ሁለተኛው ምርመራ ነውና፣ «አለብዎት» ከተባሉ እሱን ሳይጠይቁ አይመለሱ።