ለሕፃናት ስለሚሰጥ መጫወቻ

ሕፃን ክርስትና በሚነሣበት ቀን የክርስትና አባትና ዘመድ ወዳጅ መጫወቻ ይዘው መምጣታቸው በከተሞቻችን የተለመደ ሆኗል። ስጦታው ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ብዙዎች መጫወቻውን የሚመርጡት በዋጋው ውድነት፤ በሚያሰማው ዘፈንና በሚያበራው መብራት ብዛት እንጂ ለሕፃኑ እጅና አእምሮ በሚሰጠው ጥቅም አለመሆኑን ስለ ተመለከትን፤ በዚህ ጽሑፍ ስለ ነገሩ ጥቂት ልንናገር ወደድን። ካህን ስለ አሻንጉሊት ምን አገባው የሚል ቢኖር፤ የነፍስ አባት ቤት ለቤት ሲገባ የሚያየውን ቢናገር ነውር አይደለም ብለን እንመልሳለን።

ለዐዋቂ ጨዋታ ከሥራ ማረፊያ ነው፤ ለሕፃን ግን ዋና ትምህርቱ ነው። የዘጠኝ ወር ሕፃን ማንኪያ ሲጥል፤ አንሥተው ሲሰጡት ደግሞ ሲጥል የምናየው እናቱን ለማስቸገር አይደለም። የጣለው ነገር ወዴት እንደሚሄድ፤ ምን ድምፅ እንደሚሰጥ፤ አንሥቶ የሚሰጠው ሰው መኖሩንም ይመረምራል እንጂ።

ይህን አስተውለው መጫወቻን በሥርዐት ካዘጋጁት ሊቃውንት አንዱ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሬብል ነው። እርሱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1837 ዓ.ም. ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ ለሕፃናት ትምህርት ቤት ከፍቶ፤ በ1840 ዓ.ም. የሕፃናት የአትክልት ቦታ የሚል ትርጕም ያለው ስም አወጣለት። ለልጆቹ ያዘጋጀላቸው ዕቃ እጅግ ቀላል ነበረ፤ በመጀመሪያ ከሱፍ የተሠሩ ባለ ቀለም ኳሶች፤ ቀጥሎ ከእንጨት የተሠሩ ልዩ ልዩ ቅርጾች፤ ከዚያም ስምንት እኩል ቍራጮች ገጥመው አንድ የሚሆኑበት ባለ ስድስት ገጽ እንጨት።

ከእርሱ በኋላ ጣሊያናዊቱ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 ዓ.ም. በሮማ፤ ሳን ሎሬንሶ በሚባለው የድሆች ሰፈር የሕፃናት ቤት ከፈተች። በእርሷ ዘንድ ካሉት መሣሪያዎች እኛን ያስደነቀን ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ድቡልቡል እንጨቶች በየልካቸው ከተቦረቦረ ግንድ የሚገቡበት ነው። ሕፃኑ ወፍራሙን በቀጭኑ ቀዳዳ ሊያስገባ ቢሞክር አይገባለትም፤ ቀጭኑን በሰፊው ቢከት ደግሞ በመጨረሻ አንዱ ቦታ አጥቶ በእጁ ይቀራል። ስለዚህ መምህር ሳይቆጣው እንጨቱ ራሱ ስሕተቱን ይነግረዋል። እኛ ፊደል ስንቈጥር ስሕተታችንን የሚነግረን አለንጋ ነበረና፤ ይህን ባነበብን ጊዜ ትንሽ ቀናን።

እንግዲህ መጫወቻ ስንመርጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህን ይሁን፤ ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? መኪናው በባትሪ ራሱ ሄዶ፤ ራሱ ዘፍኖ፤ ራሱ ካበራ ለሕፃኑ የቀረለት ቍልፍ መጫን ብቻ ነው። ተራው የእንጨት ቍራጭ ግን ዛሬ ቤት፤ ነገ ድልድይ፤ ከነገ ወዲያ በግ ይሆናል፤ የሚያደርገውም ሕፃኑ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። የሚናገር መጫወቻ እናቱን ዝም ያሰኛል። በአሜሪካ አገር በሰሜን አሪዞና ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር አና ሶሳ የምትባል ሊቅ፤ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 16 ወር የሆኑ 26 ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ጋር ሲጫወቱ በየቤታቸው ድምፃቸውን አስቀድታ ውጤቱን በ2016 ዓ.ም. አሳትማለች። ወላጆቹ ድምፅ በሚያሰማው የባትሪ መጫወቻ ሲጫወቱ በደቂቃ 40 ያህል ቃል ሲናገሩ፤ በእንጨት ቍራጭና በመሳሰለው 56 ያህል፤ በመጽሐፍ ደግሞ 67 ያህል ተናግረዋል። ሕፃን ቋንቋ የሚማረው ፊቱን እያየ ከሚመልስለት ሰው ስለ ሆነ፤ በውድ ዋጋ የተገዛው ዕቃ የእናትን ቃል ቀንሶበታል ማለት ነው።

እኛ በገጠር ያደግነው መጫወቻ ከሱቅ መግዛትን አናውቅም ነበር። ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥተን በሬና ላም እንሠራለን፤ ከአሮጌ ጨርቅ ኳስ እንጠቀልላለን፤ ጠጠር ወደ ላይ ወርውረን እንቀልባለን፤ ሴቶች ልጆችም ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ በሰባራ ገል ወጥ ይሠራሉ። ያን ጊዜ የምንማር አልመሰለንም። ዳሩ ግን የጭቃ በሬ አራቱን እግሮች አስተካክሎ ያቆመ ጣት፤ ኋላ በስንደዶ ፊደል ለመጠቈምም ሆነ ብርዕ ለመያዝ እምብዛም አይቸገርም። ይህን ስንል የቀድሞው ሁሉ መልካም ነበረ ማለታችን አይደለም፤ ከሱቅም ቢሆን ደኅና ነገር ይገኛል፤ ጭቃም ቢሆን ንጹሕ ካልሆነ በሽታ ያመጣል።

ስለ አደጋው ግን ከራሳችን ስሕተት እንናገር። አንድ ጊዜ ለዘመዳችን የሁለት ዓመት ልጅ ቀለሙ ያማረ ትንሽ መኪና ከገበያ ገዝተን ሰጠን። ከእናቱ ጋር ቡና ስንጠጣ ሕፃኑ ዝም አለ፤ ዘወር ብንል ፊቱ ጠቍሯል። እናቱ በጕልበቷ ላይ ደፍታ ጀርባውን ስትመታው ከአፉ የወጣው የመኪናው ጎማ ነበረ። ጎማውን ከመስጠታችን በፊት በጣታችን ሳብ አድርገን ብናየው ኖሮ በቀላሉ እንደሚነቀል እናውቅ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ወርዱ 3.17 ሴንቲ ሜትር በሆነ አጭር መለኪያ ውስጥ ገብቶ የሚሰወር ነገር፤ ሦስት ዓመት ላልሞላው ሕፃን በተሠራ መጫወቻ ላይ አይፈቀድም። እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችው ትንሽ ባትሪ ከሁሉ ትከፋለች፤ ሕፃን ቢውጣትና በጕሮሮው ብትቀር በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለችና ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። የባትሪው መክደኛ በብሎን ያልታሰረ መጫወቻ ከቤት አይግባ።

ምን ላምጣ ብሎ ለሚጠይቀን የክርስትና አባት የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ወደ አናጢ ሄዶ ከተረፈ የዝግባ እንጨት ዐሥራ ሁለት ያህል ቍራጭ ያስቈርጥ፤ እያንዳንዱ ከሕፃኑ ጡጫ የሚበልጥ ይሁን፤ ጠርዙም በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ ቀለም አይቀባ። ባመጣውም ቀን ድግሱ እስኪቀርብ ድረስ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ከልጁ ጋር ይደርድር፤ ልጁ ሲያፈርስበትም እንደ ገና ይጀምር።