ከላብ ዕጢ የሚነሳ እብጠትና የትዳር ጥርጣሬ

አንዲት ሴት በብልቷ ከንፈር ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ጠጣር እብጠቶች ስታይ ትደነግጣለች። ባልም «ከየት አመጣሽው?» ይላል። ጥርጣሬው ከእብጠቱ ይብሳል።

እብጠቱ ሲሪንጎማ ሊሆን ይችላል። ይህ ከላብ ዕጢ ቱቦ የሚነሳ፣ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ነው፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም። አዘውትሮ የሚወጣው ከዓይን ሥር ሲሆን መጠኑ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። በሴቶች ላይ ይበዛል። ብልት ላይ ሲወጣ በሙቀትና በወር አበባ ጊዜ ሊያሳክክ ይችላል።

በዓይን ብቻ ከብልት ኪንታሮት መለየት ያስቸግራል፤ እኛ አዋላጆችም እንሳሳታለን። የሚለየው ከቆዳው ጥቂት ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ሲሪንጎማ ከሆነና ካላስቸገረ ሕክምና አያስፈልገውም። ኪንታሮት ቢሆን እንኳ ቫይረሱ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል የቅርብ ጊዜ ክህደት ማስረጃ አይደለም። እቤት በምላጭ አትንኩት።