የረጠበ ፋሻ ለጀርም መንገድ ነው

በኩራዝ ውስጥ ላምባው ያለው ከታች ነው፤ እሳቱ የሚነደው ግን ከላይ ነው። ታዲያ ላምባውን ሽቅብ የሚያወጣው ማን ነው? ክሩ ነው። ይኸው ነገር በወረቀት፣ በፋሻና በሽንት ጨርቅም ላይ ይሆናል። ለቤተ ሰብ ጤና የሚያስከትለው ብዙ ስለ ሆነ ምክንያቱን ማወቅ ይገባል።

ምክንያቱ፦ ጨርቅና ወረቀት ሲያዩአቸው ድፍን ይመስላሉ እንጂ ድፍን አይደሉም። እጅግ ከቀጠኑ ጭረቶች የተሠሩ ናቸው፤ በጭረቶቹም መካከል ጠባብ ክፍተት አለ። ውሃ በጭረቱ ላይ ይጣበቃል፤ የተጣበቀውም ከኋላው ያለውን ይስባል። ስለዚህ ሽቅብም ወደ ጎንም ይሄዳል። ክፍተቱ በጠበበ መጠን ውሃው ከፍ ብሎ ይወጣል። ጭረቱ ቅባት ካለው ግን ውሃ አይዘልቀውም። ከማሳ የተለቀመ ጥጥ ሰም መሰል ቅባት ስላለው በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ የሐኪም ቤት ጥጥ ግን ቅባቱ ስለ ወጣለት ወዲያው ይሰምጣል።

ሙከራ፦ ከታጠበ ነጭ ጨርቅ ጣት የሚያህል ቅዳጅ ውሰዱና ጫፉን ብቻ ቀለም በገባበት ውሃ ንከሩ። ቀለሙ እያያችሁት ይወጣል። አሁን ቀለሙን ጀርም ነው ብላችሁ አስቡት። ብዙዎቹ ጀርሞች 1,000 ያህሉ ጎን ለጎን ቢሰለፉ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ቢሆኑ ነው። በክሮች መካከል ያለው ክፍተት ለእነርሱ ሰፊ በር ነው።

ደረቅ ፋሻ አቧራና ዝንብ ይከለክላል። እርጥበቱ ከውስጥ እስከ ውጭ ከዘለቀ ግን ከውጭ እስከ ቁስሉ መንገድ ተዘረጋ ማለት ነው። በላዩ ሌላ ጨርቅ ቢደርቡበት እርጥበቱ ወደዚያም ይሻገራል እኮ!

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1ኛ/ መግል ወይም የእጣቢ ውሃ ፋሻውን ካረጠበው፣ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በንጹሕና በደረቅ ለውጡት።

2ኛ/ ደም ገና እየፈሰሰ ከሆነ ግን አትፍቱት። በላዩ ንጹሕ ጨርቅ ደርባችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑትና በሽተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱ። እዚህ ላይ የሚቀድመው ደሙን ማቆም ነው።

3ኛ/ የአራስ ልጅ እትብት እስኪወድቅ ድረስ የሽንት ጨርቁን ከእትብቱ በታች አጥፋችሁ እሰሩ። ያለዚያ ሽንቱ በጨርቁ ሽቅብ ወጥቶ እትብቱን ያረጥበዋል። የጤና ባለሙያ ካላዘዘ በቀር ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አትቀቡት።

4ኛ/ ፋሻና የሽንት ጨርቅ ደጋግማችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ በሳሙና አጥባችሁ ቀቅሉት፤ ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ።

በእትብቱ ዙሪያ ቆዳው ከቀላ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለው፣ ልጁም ካተኮሰው ወይም ጡት አልጠባም ካለ፣ ነገ ሳትሉ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።